ማክስ ዌበር፤ በምርምርና በማስተማር መካከል የኖረ ሊቅ

በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ተሰብስበን ስንጨዋወት ዘወትር ከሚነሡት ነገሮች አንዱ የመምህራን ነገር ነው። አንዱ መምህር ብዙ የመረመረና ብዙ የጻፈ ነው ይባላል፤ ዳሩ ግን ወደ ክፍል ሲገባ ዕውቀቱን ቢሮው ውስጥ ቈልፎበት የመጣ ይመስላል። ሌላው አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ተማሪም ይወደዋል፤ ነገር ግን ዘንድሮ የሚያስጽፈው ማስታወሻ ከብዙ ዓመት በፊት ያዘጋጀው ያው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን ምርምር አንድ ነገር፣ ማስተማር ሌላ ነገር፣ ሁለቱም የማይገናኙ ናቸው ብለን ማመን ጀምረናል።

ይህ በሌላው ትምህርት ጉድለት ነው፤ በፖለቲካ ሳይንስ ግን አደጋም አለበት። የኬሚስትሪ ተማሪ ወደ ክፍል ሲገባ ስለ አሲድ አስቀድሞ የያዘው ወገን የለውም። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ግን ገና መጽሐፍ ሳይገልጥ ስለ መንግሥት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ፓርቲ ሐሳቡን ቈርጦ ይመጣል። መምህሩም ሰው ነውና የራሱ ወገን አለው። እንግዲህ መምህሩ ምርምር የሌለው እንደ ሆነ ከሁለት አንዱን ማስተማሩ አይቀርም፤ ወይ የአሮጌ መጽሐፍ ቃል፣ ወይ የራሱን ስሜት።

በዚህ ችግር በገዛ ሕይወቱ የተፈተነ አንድ ሰው ስላለ ታሪኩን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን። ሰውየው ጀርመናዊው ማክስ ዌበር ነው። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ለፈተና በምንሸመድዳቸው ሦስት የሥልጣን ዓይነቶች ብቻ ነው። ሰውየው ግን ከሦስቱ ነጥቦች የሚበልጥ ታሪክ አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማክስ ዌበር ኤፕሪል 21 ቀን 1864 በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ የበኵር ልጅ ነበር። አባቱ የሕግ ሰው ሲሆን፣ በ1869 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ በርሊን ሄዶ በከተማው አስተዳደር ሠራ፤ በኋላም የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ በምክር ቤት ተቀመጠ። እናቱ ሄሌነ በፕሮቴስታንት እምነቷ የጸናች፣ ለድሆች የምታስብ ሴት ነበረች። በአባቱ ቤት የፖለቲካ ሰዎችና የታወቁ የታሪክ ሊቃውንት ለእራት ይሰበሰቡ ስለነበር፣ ሕፃኑ ስለ መንግሥትና ስለ ሥልጣን ሲነገር እየሰማ አደገ። ገና በአሥራ ሦስት ዓመቱ ስለ ጀርመን ነገሥታትና ስለ ጳጳሳት ግንኙነት ድርሰት እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር።

በ1882 ሕግ ለመማር ሃይደልበርግ ገባ። በዚያም እንደ ዘመኑ ጀርመናውያን ተማሪዎች ቢራ መጠጣትንና በሰይፍ መፋለምን ከሚያዘወትር የተማሪዎች ማኅበር ገብቶ ፊቱ ላይ ጠባሳ አተረፈ። ይህን የምናነሣው ሊቅ ሆኖ የተወለደ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። ከውትድርና አገልግሎት በኋላ ግን በበርሊንና በጎቲንገን በትጋት ተማረ፤ በ1889 በመካከለኛው ዘመን ስለ ነበሩት የንግድ ማኅበራት ጽፎ ዶክተር ሆነ። ጽሑፉን ለመከላከል በቀረበ ጊዜ ታላቁ የሮማ ታሪክ ሊቅ ቴዎዶር ሞምዘን ተነሥቶ ተከራከረው። ሽማግሌው በወጣቱ ሐሳብ አልተስማማም፤ ነገር ግን ቦታውን ለሌላ የሚለቅበት ቀን ሲመጣ ከዚህ ወጣት የተሻለ ወራሽ እንደማይፈልግ በጉባኤው ፊት ተናገረ። መምህር የማይስማማበትን ተማሪ ወራሹ ሊያደርገው መፍቀዱ የዚያን ዩኒቨርሲቲ መንፈስ ያሳያል።

ይህ መንፈስ ከየት መጣ ቢባል፣ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ1810 ሥራውን ሲጀምር ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት የተባለው ሰው ካሰበው ሐሳብ ነው። በሁምቦልት አሳብ ዩኒቨርሲቲ ያለቀለት ዕውቀት የሚታደልበት ጎተራ አይደለም፤ መምህርም ተማሪም ገና ያልተፈታውን ጥያቄ አብረው የሚፈልጉበት ቦታ ነው። ሐሳቡ ታላቅ ነበር። ሥራ ላይ ማዋሉ ግን ከባድ ነበር፤ የዌበርም ሕይወት ይህንኑ ክብደት ያሳያል።

አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የፖለቲካ ሳይንስ ዛሬ እንደምናውቀው ራሱን የቻለ ክፍል አልነበረም። ስለ መንግሥት የሚሰጠው ትምህርት ከሕግ፣ ከታሪክና ከኢኮኖሚ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ስለዚህ ዌበር በሕግ ተመርቆ የኢኮኖሚ ፕሮፌሰር ቢሆንም፣ የጠየቀው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የእኛው ክፍል ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ሰው ለሰው የሚታዘዘው ስለ ምንድር ነው የሚል ነው።

በ1892 የማኅበራዊ ፖሊሲ ማኅበር የተባለው የሊቃውንት ማኅበር በጀርመን አገር የእርሻ ሠራተኞችን ኑሮ ሲያስመረምር፣ ከኤልበ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለው ክፍል ለዌበር ደረሰው። በዚያ ያለው መሬት ዩንከር በሚባሉት ታላላቅ ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ሠራተኞቹም በባለርስቱ ቤትና መሬት ላይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ወጣቱ ሊቅ የተሰበሰበውን መልስ መርምሮ ከ800 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ጻፈ። ከመጽሐፉም ፍሬ ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ሠራተኛው ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ የሚሰደደው እንጀራ አንሶት ብቻ አይደለም፤ ከጌታው ጥገኝነት ወጥቶ የራሱ ሰው ለመሆን ስለሚፈልግ ነው።

ዳሩ ግን ዌበር በገዛ ሥራው ላይ አንድ ትልቅ ነቀፋ አገኘ። የጥያቄው ወረቀት የተላከው ለባለርስቶቹ ነበር። ስለ ጭሰኛ ኑሮ ባለርስቱን ብቻ መጠየቅ ምን ያህል እውነት ያስገኛል? ይህን በመገንዘብ ወዲያው ከአንድ ቄስ ከፓውል ጎሬ ጋር ሆኖ ሁለተኛ ምርመራ አዘጋጀ። በዚህ ጊዜ የጥያቄው ወረቀት የተላከው በየገጠሩ ላሉት በሺህ ለሚቆጠሩ የፕሮቴስታንት ቄሶች ነበር፤ ቄስ ከጌታውም ከሠራተኛውም ቤት ስለሚገባ ሁለቱንም ያውቃል ተብሎ ታስቦ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ለርእሳችን ዋና ነው። ዌበር በ1894 በፍራይቡርግ፣ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በሃይደልበርግ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ ከቄሶቹ የተመለሰውን የወረቀት ክምር ብቻውን አልያዘውም። ለተማሪዎቹ አካፈላቸው። አንዱ ተማሪ አንዱን አውራጃ፣ ሌላው ሌላውን እየወሰደ የዶክተርነት ጽሑፉን ሠራበት፤ እነዚህም ጥናቶች ከ1899 ጀምሮ በዌበር አዘጋጅነት በተከታታይ ታተሙ። ተማሪዎቹ ስለ ምርምር ዘዴ ከመጽሐፍ ብቻ አልተማሩም፤ እውነተኛ ወረቀት፣ የተሳሳተ መልስና የጎደለ ቍጥር እጃቸው ላይ አግኝተው ተማሩ። መምህሩም ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለውን ሥራ ከተማሪዎቹ ጋር ፈጸመ። እኛ ምርምርና ማስተማር ተጋቡ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንደዚሁም በ1898 ለኢኮኖሚ ትምህርቱ የሚሆን አጭር መምሪያ አሳትሞ ለተማሪዎቹ ሰጣቸው። መምሪያው የትምህርቱን አከፋፈልና በየርእሱ የሚነበቡትን ብዙ መጻሕፍት የያዘ ነበር። ተማሪው የመምህሩን ቃል ከመገልበጥ ይልቅ ምንጩን ራሱ ፈልጎ እንዲያነብ ያሰበ ይመስላል።

ነገር ግን የሊቁን መልካምነት ብቻ ብንናገር ለአንባቢ እውነቱን አልነገርንም። በሜይ 1895 በፍራይቡርግ ሥራውን ሲጀምር ያደረገው ንግግር ሌላ ጠባይ ነበረው። በዚያ ንግግር ያንኑ የምሥራቁን እርሻ ጥናት መነሻ አድርጎ፣ የኢኮኖሚ ትምህርት የጀርመንን መንግሥት ኀይል ማገልገል አለበት ሲል ሰበከ። ከፖላንድ ለሥራ የሚመጡትን ድኾች ሠራተኞች በሚያዋርድ አነጋገር አነሣቸው፤ ድንበሩም እንዲዘጋባቸው ጠየቀ። ቍጥሩን የሰበሰበው በጥንቃቄ ነበር፤ ከቍጥሩ ወደ ስብከቱ የተሻገረው ግን በገዛ ስሜቱ ነበር። በኋላ ዘመን እርሱ ራሱ በብዙ ነጥብ በዚያ ንግግር እንደማይስማማ ገልጿል። መምህር በመድረኩ ላይ ምን ማለት ይገባዋል፣ ምንስ አይገባውም የሚለው የዕድሜ ልክ ጥያቄው ከዚህ ከገዛ ጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይመስለናል።

በ1893 ማሪያነ ሽኒትገርን አግብቶ ነበር። ማሪያነ ለሴቶች መብት የምትታገል፣ ራሷም የምትጽፍ ምሁር ነበረች። ኑሯቸው ሲቃና፣ ስሙም ሲነሣ፣ በ1897 የበጋ ወራት ዌበር ስለ እናቱ መብት ከአባቱ ጋር ክፉኛ ተጣላ። ሳይታረቁ ተለያዩ፤ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አባቱ ሞተ። ከዚህ በኋላ ጤናው ታወከ። እንቅልፍ አጣ፤ ማንበብም መናገርም አቃተው። ወደ ክፍል ገብቶ በተማሪዎች ፊት መቆም ከነገር ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሆነ። ፈቃድ እየወሰደ፣ በጣሊያንና በሌላም አገር እየተዘዋወረ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻም በ1903፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ፕሮፌሰርነቱን ለቀቀ። የክብር ፕሮፌሰር የሚል ስም ቀረለት፤ የዶክተርነት ተማሪ የመያዝና በፋኩልቲው ስብሰባ ድምፅ የመስጠት መብት ግን አልነበረውም።

እንግዲህ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ዌበር ማስተማር የሌለበት ምርምር ምን እንደሚመስል በሕይወቱ አየ። በ1904 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የማኅበራዊ ሳይንስ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተጕዞ፣ ከታላላቅ ከተሞች አንሥቶ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን እስከ መሠረተው የጥቁር ሕዝብ ትምህርት ቤት እስከ ተስኪጊ ድረስ ጎበኘ። ቀድሞ በበርሊን የተማረውን ጥቁር ሊቅ ዱ ቦይስን ስለ አሜሪካ የዘር ጥያቄ እንዲጽፍ ጠይቆት ጽሑፉ በ1906 በመጽሔቱ ወጣ። ስለ ፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና ስለ ካፒታሊዝም መንፈስ የጻፈው የታወቀው ሥራው በ1904 እና በ1905 ታተመ። በሩስያ በ1905 አብዮት ሲነሣ ደግሞ የየዕለቱን ጋዜጣ ለማንበብ ሲል በጥቂት ወራት ሩስኛ ተማረ፤ ሁለት ረጃጅም ጽሑፎችንም ጻፈ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክፍል አልነበረውም፤ ተማሪ ግን ጨርሶ አላጣም። በሃይደልበርግ በኔካር ወንዝ ዳር ባለው ቤቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣቶች ይሰበሰቡ ነበር። ካርል ያስፐርስ፣ ጌኦርግ ሉካችና ኤርንስት ብሎክ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ሮበርት ሚኸልስም ወዳጁ ነበር። ሚኸልስ ሶሻል ዴሞክራት በመሆኑ ምክንያት በጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ሳይፈቀድለት ቀረ። ዌበር ሶሻሊስት አልነበረም፤ ነገር ግን በ1908 ይህን ነገር በጋዜጣ አውጥቶ ነቀፈ። በመንግሥት ፊት የማይወደድ ሐሳብ ያለው ሰው የማያስተምር ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ነጻነቱ መናገር እንደማይገባው ተከራከረ። ሚኸልስ በ1911 ያወጣውና ስለ ፖለቲካ ፓርቲዎች ጥቂቶች ብዙዎችን መግዛታቸው እንደማይቀር የሚያስረዳው መጽሐፍ፣ እስከ ዛሬ በክፍላችን የሚነበበው፣ ለዌበር መታሰቢያ ሆኖ የተጻፈ ነበር።

ከዚህ ላይ የዌበር ሐሳብ ሁለት ወገን እንዳለው እናያለን። በአንድ ወገን፣ የመምህሩ ፖለቲካ ከሥራው ሊያስከለክለው አይገባም። በሌላው ወገን፣ መምህሩ በመድረኩ ላይ ለፖለቲካው ተከታይ ሊመለምልበት አይገባም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአደባባይ የሚናገር ሰው አድማጩ ሊመልስለት፣ ሊቃወመው፣ ትቶትም ሊሄድ ይችላል። በክፍል ግን ተማሪው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ፈተና አለበት፤ ለፈተናውም መምህሩን ይፈልገዋል። መልስ ሊሰጥ በማይችል ሰው ላይ ስብከት ማድረግ ለዌበር የድፍረት ሳይሆን የፍርሃት ሥራ ነበር። መምህር ተማሪውን ሊያስተምረው ከሚገባው ነገር ሁሉ የመጀመሪያው፣ ለራሱ ወገን የማይመቸውን እውነት አይቶ መቀበል ነው ይል ነበር። ይህን ደግሞ ሊያስተምር የሚችለው ራሱ በምርምሩ ላይ የማይመች እውነት የገጠመው ሰው ብቻ ነው። ማስታወሻ የሚያነብ መምህር ከቶ አይገጥመውም፤ ማስታወሻ ባለቤቱን አይቃወምምና።

በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዌበር እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች ደስ ብሎት ተቀበለው፤ ይህም ከስሕተቶቹ አንዱ ነው። ለጦር ሜዳ ዕድሜው ስላለፈ በሃይደልበርግ የወታደር ሆስፒታሎችን አስተዳደረ። በኋላ ግን የመንግሥቱን ስሕተት በጋዜጣ ይጽፍ ጀመር። ምክር ቤት ሥልጣን እንዲኖረውና በፕሩስያ ሀብታሙን ከድኻው አስበልጦ ይመዝን የነበረው የምርጫ ሕግ እንዲለወጥ ተከራከረ።

በዚህ መካከል የጠሩት ተማሪዎች ናቸው። በሙኒክ የነጻ ተማሪዎች ማኅበር የአእምሮ ሥራ እንደ ሙያ በሚል ርእስ ተከታታይ ንግግሮች ሲያዘጋጅ ዌበርን ጋበዘው። እርሱም ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ስለ ሳይንስ ሙያነት፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1919 ደግሞ ስለ ፖለቲካ ሙያነት ተናገረ። በዓለም ሁሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የሚያነባቸው እነዚህ ሁለት ጽሑፎች የተወለዱት በተማሪዎች ማኅበር ጥሪ መሆኑን ስናስብ፣ እኛም በማኅበራችን የምናደርገውን ጥቂት ሥራ ልንንቀው አይገባም።

ሁለተኛው ንግግር በተደረገበት ወራት ጀርመን ተሸንፋ፣ ንጉሡ ወርዶ፣ ሙኒክ በአብዮት ትናወጥ ነበር። ተማሪዎቹ የመጡት መሪ ሊሰጣቸው፣ ከማን ጋር እንዲሰለፉ ሊነግራቸው መስሏቸው ነበር። ዌበር ግን የሰጣቸው ምርምሩን ነበር። መንግሥት ማለት በአንድ አገር ውስጥ በኀይል የመጠቀምን መብት ለራሱ ብቻ የያዘ ድርጅት መሆኑን፣ ሰዎችም የሚታዘዙት በልማድ ወይም በአንድ ሰው ልዩ ጸጋ ወይም በሕግ መሆኑን አስረዳቸው። ቀጥሎም ንጹሕ ሐሳብ ይዞ የሥራውን ውጤት ለፈጣሪ የሚተው ሰው አለ፣ ስለ ሥራው ውጤት ራሱ የሚጠየቅ ሰው አለ፣ ፖለቲካ የሚሻ ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት አላቸው። ብዙዎቹ አዝነው እንደ ሄዱ መገመት አያስቸግርም። እኛም በቦታው ብንኖር ምናልባት እናዝን ነበር።

ማስተማር ግን እንደገና ስቦታል። በ1918 የበጋ ወራት በቪየና ዩኒቨርሲቲ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ዝምታ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማረ። አዳራሹ ከተማሪዎች አልፎ በፖለቲካ ሰዎችና በመንግሥት ሠራተኞች ተሞላ። ሥራው ግን እጅግ ስላደከመው ቋሚውን ቦታ አልተቀበለም። በ1919 በሙኒክ የሉዮ ብረንታኖን ወንበር ወረሰ። በመጀመሪያው ወራት ስለ ሶሲዮሎጂ መሠረታዊ ቃላት ያስተማረው ትምህርት ለተማሪዎቹ ከበዳቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት፣ እነርሱ አጥብቀው ስለ ጠየቁት፣ የዓለምን ኢኮኖሚ ታሪክ አስተማራቸው። ዌበር ይህን ትምህርት መጽሐፍ አድርጎ አልጻፈውም። ከሞተ በኋላ ግን ተማሪዎቹ በየደብተራቸው የጻፉት ተሰብስቦ በ1923 ታተመ።

በዚያው ክረምት ግን ሌላ ፈተና መጣ። የባቫርያን ጠቅላይ ሚኒስትር ኩርት አይስነርን በፌብሩዋሪ 1919 የገደለው አርኮ የተባለ ወጣት መስፍን በጃንዋሪ 1920 ሞት ተፈረደበት፤ በማግስቱም ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት። ብዙ የቀኝ ወገን ተማሪዎች ነፍሰ ገዳዩን እንደ ጀግና አመሰገኑት። ዌበር ምሕረቱ ስሕተት መሆኑን ተናገረ፤ የተማሪዎቹንም አድራጎት ነቀፈ። ይህን ያደረገው በክፍሉ፣ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ነው። ከዚህ በኋላ ተማሪዎች እየጮኹና እየረበሹ ትምህርቱን እንዳይሰጥ አደረጉት። ያ የተማሪ ጥሪ ታላላቅ ንግግሮችን ያስገኘበት ከተማ፣ የተማሪ ጩኸት መምህሩን ዝም ያሰኘበት ከተማም ሆነ።

ታዲያ ዌበር የገዛ ሕጉን አፈረሰ ልንል ነውን? በአንድ በኩል አዎን፤ ከመድረኩ ላይ ስለ ፖለቲካ ተናግሯልና። በሌላ በኩል ግን የተናገረው ተማሪዎቹን ለማስደሰት ወይም ተከታይ ለማግኘት አልነበረም፤ መስማት የማይወዱትን ነው የነገራቸው። የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ምርምርን ከስሜት ፈጽሞ መለየት የሚቻል አይመስለንም፤ ዌበር ራሱም ተመራማሪ የሚመረምረውን ነገር የሚመርጠው በሚያከብረው ነገር ተመርቶ እንደ ሆነ አስተምሯል። የሚቻለው ግን የትኛው በማስረጃ የታወቀ፣ የትኛው የራስ እምነት እንደ ሆነ ለይቶ ለተማሪው መንገር ነው። ይህን ማድረግ የሚችል መምህር ልናከብረው ይገባል፤ ሐሳቡ ከእኛ ሐሳብ ቢለይም እንኳ። ስናስፈራራው ወይም ስንጮኽበት የምናጠፋው እርሱን ብቻ አይደለም፤ የራሳችንን የመማር መብት ነው።

በ1920 የበጋ ወራት ዌበር ሁለት ትምህርቶችን ጀመረ። አንዱ ስለ ሶሻሊዝም፣ ሁለተኛው ስለ መንግሥትና ስለ ፖለቲካ ጠቅላላ ትምህርት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ያከማቸው ምርምር በክፍል ውስጥ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ሆኖ ሊወጣ ገና መጀመሩ ነበር። ትምህርቱ ግን አልተፈጸመም። በጁን መጀመሪያ ታመመ፤ ሕመሙ ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ፤ ጁን 14 ቀን 1920 በሃምሳ ስድስት ዓመቱ በሙኒክ ሞተ። ኢኮኖሚና ኅብረተሰብ የተባለው ታላቁ ሥራው ሳያልቅ ቀረ፤ ሚስቱ ማሪያነ ወረቀቶቹን አሰናድታ አሳተመችው። በ1926ም የሕይወት ታሪኩን ጻፈች።

የዚያ የመጨረሻ ትምህርት ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በክፍሉ የነበሩ ተማሪዎች መምህሩ ሲናገር በደብተራቸው ጽፈው ነበር። ሁለቱ ደብተሮች ከጦርነትና ከስደት ዘመን ተርፈው፣ በ2009 በዌበር ጠቅላላ ሥራዎች ስብስብ ውስጥ ታትመው ወጡ። ሊቁ ከሞተ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ስለ መንግሥት ያስተማረው የመጨረሻ ትምህርት ለተመራማሪዎች የተዳረሰው በተማሪዎች እጅ ነው።

ይህን ስናነብ ወደ ራሳችን ደብተር መመልከታችን አልቀረም። ብዙዎቻችን ማስታወሻ የምንጽፈው ለፈተና ነው፤ ፈተናው ሲያልፍ ለሱቅ መጠቅለያ ይሆናል። መምህራኖቻችን ምርምራቸውን ወደ ክፍል እንዲያመጡ መጠየቅ መብታችን ነው፤ ያልተፈታ ጥያቄያቸውን፣ ያልተሟላ ቍጥራቸውን፣ የተሳሳቱበትንም ቦታ እንዲያሳዩን እንጠይቃቸው። ነገር ግን ያን ጊዜ እኛም ከመገልበጥ ያለፈ ሥራ ይጠበቅብናል። ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሽማግሌ ለምን ከዳኛ ይልቅ እንደሚታመን፣ ገበሬው ለማን ለምን እንደሚታዘዝ ጠይቀን ጽፈን ብንመለስ፣ ለመምህሩ የምናቀርበው ቁም ነገር ይኖረናል። ስለ ጭሰኛው ባለርስቱን ብቻ አንጠይቅ። መልሱም ለወገናችን የማይመች ሆኖ ቢገኝ አንሰርዘው።

ሁለት የሙኒክ ተማሪዎች በ1920 በዚያ ክፍል ተቀምጠው ሲጽፉ ምን እንደሚያተርፉ አላወቁም ነበር። እኛም አናውቅም። ደብተራችንን ግን በጥንቃቄ እንጻፍ።